«ልጄን ጠይቁ»

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ፍሩትቬል ሰፈር ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ፊሊፒናውያኑ ሠራተኞች ሳይቀሩ «እማማ» የሚሏቸው አንዲት እናት ነበሩ። ዳውንታውን ኦክላንድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ልባቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነም።

አንድ ቀን ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ ገና ጫማቸውን ሳላወልቅላቸው፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ሆስፒታል አልሄድም። ትንፋሽ ቢያጥረኝም የሚያስታግሰኝን ስጡኝና እዚሁ አልጋዬ ላይ ተዉኝ» አሉኝ።

ለአለቃዬ ነገርኳት። «ልጇን ኮል አድርጊ፤ ወኪሏ እሷ ናት» አለችኝ። የሕክምና ውክልና ከተፈረመ የአሮጊቷ ቃል ያበቃለታል ብለን ነበር ሁላችንም የምናስበው። ልጅቷ የምትኖረው እዚያው አጠገብ አልባኒ ነው፣ በመኪና ሃያ ደቂቃ። ደወልኩላት። «ኖ፣ ኖ፣ ትሄዳለች» አለች።

ይህንን ስነግራቸው እማማ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው አላማረኝም።

በማግስቱ ረዳቷ ገላዎን ይታጠባሉ ወይ ብትላቸው፣ «ልጄን ጠይቁ» አሉ። አጃ ወይስ እንቁላል? «ልጄን ጠይቁ።» መጋረጃው ይከፈት? «ልጄን ጠይቁ።»

ግራ ገብቶኝ ገባሁ። «እማማ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የምትወስነው እሷ አይደለች እንዴ?»

እስክንደውል ድረስ አፌን አልከፍትም አሉ፤ ስለዚህ ደወልን። በአጃው ጊዜ ልጅቷ ሳቀች። በመጋረጃው ጊዜ ሚቲንግ ላይ ነበረች። ትራስ አንድ ይሁን ሁለት ብለን ስንደውል፣ ስልኩን ዘግታ መኪናዋን አስነሥታ መጣች።

የመሥሪያ ቤት ባጇ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ገብታ በእንግሊዝኛ ወረደችብን። «ስለ ትራስ እኔን ምን አስጠየቃችሁ? አእምሮዋ ደህና ነው። ራሷን ጠይቋት!»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማሽ አይደል? ራሷን ጠይቋት ብላለች።» ከዚያ ወደ ልጃቸው። «እንግዲያው ሆስፒታሉንም እኔን ይጠይቁኛ።»

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ትራስ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ለትራስ ብዬማ ከሥራሽ አላስወጣሽም ነበር።»

«ብትሞቺስ?»

«እሱ እዚያም ብሄድ አይቀርም። እዚያ ግን እኔን በመርፌ ይበሳሱኛል፣ አንቺ ደግሞ ፓርኪንግ ስትፈልጊ ትውያለሽ።»

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መጣና ያሉት ገብቷቸው እንደሆነ በረጋ መንፈስ ጠየቃቸው። እማማ ሁሉንም አስረዱት። ሐኪሙ ወደ እኛ ዞሮ የልጅቷ ውክልና የሚሠራው እናቷ ለራሳቸው መወሰን ሲያቅታቸው ብቻ መሆኑን ነገረን። እኔና አለቃዬ ተያየን። «እኔማ አውቀው ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ። ማንም አላመናትም።

የሐኪሙ ትእዛዝ ተቀየረ፤ ከእንግዲህ ሆስፒታል አይወሰዱም። ክረምቱን ሁለት ጊዜ ትንፋሻቸው ክፉኛ አጠራቸው፤ ሁለቴም መድኃኒቱን ከምላሳቸው ሥር አድርጌላቸው ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አሳለፉት። ማታ ማታ እየመጣች «ምን እንይ?» ትላቸዋለች፤ እሳቸው ሁልጊዜ የሚመርጡት ሬስሊንግ ነው። እሷ ዓይኗን ትሸፍናለች፣ እማማ «በለው!» ይላሉ።

ያረፉት አንድ እሑድ ከሰዓት ነው፣ ልጃቸው አጠገባቸው ተኝታ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ጎረምሶች ይተናነቁ ነበር፤ ድምፁን ለመቀነስ ማንኛችንም አልደፈርንም።