በመዳፌ የያዝኩት ዱዓ

ታናሽ እህቴ ቤይሩት የሄደችው በእናታችን ዱዓ ሳትመረቅ ነው። የደሴ ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። እናቴ «አትሄጂም!» ብላ ተቆጥታ ነበርና፣ አንድ ማለዳ ሻንጣዋን በጓሮ በር አሾልካ ወጣች። እናቴ ሳምንት ሙሉ ከሰው አልተነጋገረችም። ከዚያ ቁጣው ወጣና ጭንቀቱ ገባ። «ያለ ዱዓ የወጣች ልጅ ምን ከለላ አላት?» ትላለች፣ እጇን እያፋተገች።

እህቴ ስልክ ትደውል ነበር። ግን አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ እየሰማች፣ ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ወሬ ናት። እናቴ ደግሞ ዱዓ ስትይዝ ከአያት ቅድመ አያት ጀምራ፣ ሰፈርተኛውን ሁሉ አዳርሳ ነው የምታበቃው። በሁለት ደቂቃ ገና ጉሮሮዋን አትጠርግም።

ስለዚህ ድምጿን ልቀዳ ወሰንኩ። ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ እሠራለሁ። እዚያው ቤት ተከራይቼ፣ እሁድ እሁድ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እመጣለሁ። ስልኬ ድምፅ የሚቀዳ ነበር፤ በሰፈራችን እንዲህ ያለ ስልክ ያለው ሰው ትንሽ ይኮራል፣ እኔም ኮርቻለሁ። አንድ እሁድ ከዙሁር ሶላት በኋላ ፊት ለፊት ተቀመጥን።

«ስልኩን መደቡ ላይ ላስቀምጠው?» አልኳት።

«እጅሽን ዘርጊ እንጂ! ዱዓ ተይዞ እጁን የሚሰበስብ ማነው?»

ዘረጋሁ። ስልኩን በመዳፌ ላይ አጋድሜ፣ እንደ ወጉ ወደ ፊቴ አስጠጋሁት። እሷ ትለምናለች፣ እኔ «አሚን» እላለሁ። አሚን ያልተባለበት ዱዓ ማኅተም እንደሌለው ደብዳቤ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። እኔም አልሰሰትኩም።

ድምፁን የምታደርስልን ጎረቤታችን ነበረች፤ ከእህቴ ጋር አንድ ሰፈር የምትሠራና ለዕረፍት የመጣች ክርስቲያን ልጅ። ቅዳሜ ትሄዳለች ሲባል ረቡዕ ጠዋት ደወለችልኝ። «መንገዴ ተቀደመ። አውቶቡሱ ደሴን ለቋል፣ ኮምቦልቻ ጠብቂኝ» አለች። አለቃዬን አስፈቅጄ፣ የሥራ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ በረርኩ።

አውቶቡሱ ሰው ሊጭን እንደቆመ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ብሉቱዝ ከፈትን። ላክሁ፤ እምቢ አለ። ለካ የእሷ ሜሞሪ በዘፈን ጢም ብሏል!

«አጥፊያ!» አልኳት።

«ኧረ በማርያም፣ የትኛውን ላጥፋ? ሁሉንም እወዳቸዋለሁ እኮ!»

እሷ ዘፈን ስትመርጥ አውቶቡሱ ተነሳ። ረዳቱ «ሸኚ ውረዱ!» ብሎ ጮኸ። እሷ ከሄደች ቤይሩት የሚሄድ ሌላ ሰው መቼ እንደሚገኝ አላውቅም፤ እናቴ ደግሞ እንቅልፍ ካጣች ከርማለች።

«አልወርድም፣ ዱዓ እየላክሁ ነው» አልኩት።

ረዳቱ ፊቴን አይቶ ሳቀ። «እንግዲያ የኛንም መንገድ ጨምሪበት» ብሎ አለፈ።

ሁለቱን ስልኮች ጭኗ ላይ ጎን ለጎን አድርገን ያዝናቸው። መላኩን የሚያሳየው መስመር ግማሽ ድረስ ሄደና፣ እናቷ «ደረስሽ ወይ?» ብላ ደውላላት ተቋረጠ። ገና ኮምቦልቻን እንኳ በቅጡ አልወጣንም! እንደገና ጀመርን። ሐርቡ ከተማ ስንገባ ሞልቶ አለቀ። ጎረቤታችን ስልኩን ወደ ደረቷ አስጠግታ «አሜን» አለች፤ እኔ ወረድኩ። አውቶቡሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እህቴ ደወለች። «ደርሶኛል» ብቻ ብላ አለቀሰች። እናቴ ያን ቀን በልታ ጠገበች።

እኔ ግን ሞኝ ነኝ። በዓመቱ ስልኬን ሚኒባስ ውስጥ ተሰረቅሁ፤ ያናደደኝ ስልኩ ነው። ዱዓው ትዝ አላለኝም። እናቴ እቤት ቁጭ ብላ፣ ድምጿን ምን ብዬ ከጠፋው ልቁጠረው?

ከዚያ እናቴ ሞተች።

ፊቷ ፎቶ ላይ አለ። ድምጿ ነው የጠፋብኝ። በመጀመሪያው ዓመት ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ፣ በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት መሀል ስትጠራኝ እሰማት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቃሉን እንጂ ድምፁን አላስታውስም። ሐረጎ ላይ አንዲት አሮጊት «ያ ረቢ» ስትል ዘወር እላለሁ። እሷ አይደለችም። ናፈቀችኝ፤ እንዲህ አድርጎ የሚያንገበግብ ናፍቆት አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

እህቴን ላኪልኝ እላት ነበር። በዚያ አሮጌ ስልኳ ከቤይሩት የሚላክበት መንገድ አልነበራትም። «ስመጣ በእጄ እሰጥሻለሁ፣ አብሽሪ» ትለኛለች። የመጣችው በስድስተኛው ዓመቷ፣ የስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰሞን ነው። ለኛ ምን ቸገረን፣ ብሉቱዝ አለ! እናቴ ቤት፣ ፍራሹ ላይ ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የሷ መስታወቱ ተሰንጥቋል። መስመሩ ሲሞላ እንደ ሐርቡው መንገድ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ። ሲያልቅ ከፈትኩት።

«አሚን!»

የኔ ድምፅ ነው። ቀጥሎ ከሩቅ እንደ ሹክሹክታ ያለ ነገር፤ ቀጥሎ «አሚን!»፤ ቀጥሎ «አሚን!»። ስልኩ ያለው በእኔ መዳፍ፣ ከአፌ ሥር ነበር። እናቴ ከማዶ ነበረች። ደቂቃ በደቂቃ ድምጿ ብቅ ሲል እኔ እየጮህኩ እሸፍነዋለሁ። ያቺን የዚያን ጊዜዋን እኔን ባገኛት አፏን በእጄ እይዘው ነበር።

«እሷን ሳይሆን እኔን ነው እንዴ የላክሁልሽ!» ብዬ አለቀስኩ።

«እኔ እኮ ወጥ ቤት ሆኜ ከአሚንሽ ጋር አሚን እያልኩ ነው ስድስት ዓመት የኖርኩት» አለች እህቴ። «ዝም ብለሽ ስሚ፣ አላለቀም።»

ወደ መጨረሻው ላይ የኔ ድምፅ ጠፋ። ትዝ አለኝ፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው ብዬ ስልኩን ለማየት ያጎነበስኩባት ቅጽበት ናት። በዚያች ዝምታ ውስጥ፣ ጥርት ብሎ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ እንዳለች፣ እናቴ ተቆጣችኝ፦

«ምነው ዝም አልሽ ልጄ? አሚን በይ እንጂ!»

እህቴና እኔ መዳፋችንን ዘርግተን «አሚን» አልን።