የመርማሪው ኮምፒዩተርና የቱሙ ሰውዬ

የወሰዱኝ ከሱቄ ነው። የአንድ ደንበኛ ኮምፒዩተር ፈትቼ አቧራውን በብሩሽ እየጠረግኩ ሳለ ሁለት ፖሊሶች ገቡና ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ብሩሹን አስቀምጥ አሉኝ። በዚያ ሰሞን ሚዛን ከተማ ውስጥ ስለ አስተዳደር መዋቅር ጥያቄ የሚያወራ ወረቀት በየግድግዳው ተለጥፎ ስለነበር ፕሪንተር ያለው ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ሆኗል። የእኔ ፕሪንተር ከተበላሸ ቆይቷል ብላቸው፣ የሰው እየጠገንክ የራስህን ትተህ? ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፣ ለማመን ያስቸግራል። ሱቁን አሽገው በእግር ወደ ጣቢያ ወሰዱኝ።

ከእስር ክፍሉ መጀመሪያ ያየሁት ጫማዎቹን ነው። ከበሩ ውጭ፣ ማሰሪያቸው የተፈታ ጫማዎች ተቆልለው ነበር። የቁልሉን ትልቅነት አይቼ ውስጥ መቀመጫ እንደማላገኝ ገባኝ። ክፍሉ ኮርኒስ የሌለው፣ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ፀሐይ ሲሆን ያቃጥላል፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማም። ከኮሪደሩ ያልተፈለፈለ የጀንፈል ቡና ሽታ ይገባል፤ በኮንትሮባንድ የተያዘ ቡና ነው፣ በጆንያ እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድሯል። ያ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

በሩ አጠገብ የአባቴ እኩያ የሚሆን ሰውዬ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ከቱም ከተማ በኩል ኮረሪማ ሊሸጥ መጥቶ፣ ግርግር በነበረበት መንገድ ሲያልፍ ከሌሎች ጋር ታፍሶ የገባ ነው። አማርኛው ጥቂት ነበር። እግሩን ሰብስቦ ከጎኑ ቦታ አወጣልኝና "ተቀመጥ" አለኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሊሰጥ የሚችል ሰው አልነበረም።

በማግስቱ እህቴ ምግብና ብርድ ልብስ አመጣችልኝ። ብርድ ልብሱን ግን ብዙም ሳልለብሰው ለሰውዬው ሆነ። አንድ ጠዋት ተነስቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭ እስከ ክፍሉ ጥግ ይሰማል። ደረብኩለት። ከጅማ አካባቢ የመጣ የጨርቅ ነጋዴ አብሮን ታስሮ ነበር፤ እጁን በሰውዬው ሸሚዝ ስር ወደ ጀርባው ሰደደና ወዲያው አወጣው። ይሄ ሰው እየነደደ ነው አለን። ወባ ነው፤ እዚያ አገር ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ሐኪም አይጠይቅም። በሩን ደበደብን።

ተረኛው ፖሊስ ከፈተልን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የእህቴን ምግብ ሳይበትን የሚያስገባልኝ እሱ ብቻ ነው። ጎንበስ ብሎ መዳፉን የሰውዬው ግንባር ላይ አሳረፈ።

"ቀዝቃዛ ነው" አለ። "እንዲያውም ከእኔ ይቀዘቅዛል። ሰበብ አታብዙ።"

ሰውዬው ዓይኑን ገለጠ። ግንባሩን በጣቱ ነካ አደረገና "እዚህ አይደለም" አለ። "ውስጥ ነው።"

በሩ ተዘጋ። እኔም ግንባሩን ነካሁት። እውነትም ቀዝቃዛ ነበር፣ ላብ ያረጠበው። ነጋዴው ይነድዳል ይላል፣ ፖሊሱ ይቀዘቅዛል ይላል፣ እኔ የነካሁት ደግሞ ከፖሊሱ ጋር ይስማማል። ማንን እንደማምን ግራ ገባኝ።

ትንሽ ቆይቶ ስሜ ተጠራ። ሊመረምሩኝ መሰለኝ። መርማሪው እንቅልፍ ያጣ ረጅም ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ዴስክቶፕ ተቀምጧል። ኮምፒዩተር ትጠግናለህ አሉኝ አለ። የሰው ቃል እየጻፈ እያለ በመሃል ድርግም ይልበታል፣ የጻፈው ይጠፋል፣ እስረኛውን መልሶ አስጠርቶ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ካስተካከልክልኝ ያንተን ጉዳይ ዛሬውኑ አየዋለሁ አለኝ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ከቤቴ በስተቀር ምንም አልታየኝም።

ማሽኑን ሳበራው፣ ሙቀት የሚያሳዩ ሁለት ፕሮግራሞች ተጭነውበታል። ከእኔ በፊት የሞከረው ሰው ነው የጫናቸው። ጎን ለጎን ሲታዩ አንዱ ፕሮሰሰሩ አርባ ስምንት ዲግሪ ነው ይላል፣ ሌላው ዘጠና ሰባት።

"አንዱ እየዋሸ ነው" አለ መርማሪው። "የትኛው ነው?"

"ሁለቱም አይዋሹም፣ ኢንስፔክተር።"

"ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር የተለያየ ቃል ከሰጡኝ አንዱ ዋሽቶኛል።" መዳፉን በማሽኑ ጎን ላይ አሳረፈ። "ደግሞ ንካው። ቀዝቃዛ ነው።"

ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው። በሥራዬ ሺህ ጊዜ ያስረዳሁትን ነገር ማስረዳት ጀመርኩ። አርባ ስምንት የሚለው ከፕሮሰሰሩ ስር፣ ቦርዱ ላይ ካለ ሴንሰር የሚያነብ ነው። ዘጠና ሰባት የሚለው ፕሮሰሰሩ ልብ ውስጥ ካለው ነው። ሁለቱም የለኩትን ነው የሚናገሩት፤ የለኩበት ቦታ ነው የተለያየው። በጥቂት ዲግሪ ቢለያዩ ደንብ ነው። እንዲህ ሲራራቁ ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ማሽኑ ተቃጥሎ እንዳይቀር ራሱን የሚያጠፋው የውስጠኛውን አይቶ ነው፣ አልኩት። "ውስጥ" የሚለውን ቃል ስናገር የሰውዬው ድምፅ መጣብኝ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። መርማሪው ምን ሆንክ እስኪለኝ ድረስ።

ምንም አልኩትና ክዳኑን ፈታሁ። የቡናው ጆንያ መጀመሪያ የተከማቸው በዚያ ክፍል ኖሯል፤ ፋኑ በጀንፈል ብናኝ ታፍኗል። ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀቱን ስቦ የሚያወጣው አሉሚኒየም ደግሞ አንዱ የፕላስቲክ ማያዣው ተሰብሮ ጥጉ ከፍ ብሏል። በመሃላቸው የሚቀባው ቅባት ደርቆ ተፈርፍሯል። ቅባቱ ሱቄ ውስጥ አለ፣ ሱቄ ታሽጓል። መርማሪው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቢሮ ስለሚያድር መሳቢያው ውስጥ የጥርስ ሳሙና ነበረው፤ እሱን ስቀባበት ያፌዝኩበት መሰለው። ለጊዜው ይሠራል፣ ሲደርቅ ይመለስብዎታል አልኩት። ጥጉን በሽቦ አጥብቄ አሰርኩና አበራሁት። ዘጠና ሰባት የነበረው ወደ ስልሳ ወርዶ ቆመ። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራረቡ። እየጻፈ ቆየ፤ አልጠፋም።

ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና በል ስለ አንተ እንነጋገር አለኝ። ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው። ስለ ፕሪንተሬ፣ ስለ እህቴ የምናገረውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር።

"ኢንስፔክተር፣ ከእኔ በፊት ያን የቱሙን ሰውዬ ሐኪም ይየው" አልኩ።

እንዳልኩት ቆጨኝ። አልዋሽም። በመርማሪው ፊት ላይ ለእኔ መጥቶ የነበረው በጎነት ተመልሶ ሲጠፋ አይቻለሁ። ተረኛውን ጠራውና የታመመ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። ተረኛው አይቼዋለሁ፣ ሰውነቱ ቀዝቃዛ ነው አለ።

መርማሪው ስክሪኑን ትንሽ አየ።

"ምኑን ነው የነካኸው?"

"ግንባሩን።"

ከዚያ መርማሪው ሾፌሩን ጥራው አለ። የእኔ ጉዳይ ያን ቀን አልተነሳም፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተነሳም።

ሊወስዱት ሲመጡ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። ተረኛውና ሾፌሩ ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ግድግዳውን ይዞ በራሱ ቆመ። ብርድ ልብሱን ከትከሻው አወረደና ተመልሶ ተንበርክኮ ወለሉ ላይ ዘረጋው። ያጥፈው ጀመር። እጁ እየተንቀጠቀጠ ጥጉን ከጥግ ጋር ያገጣጥማል፤ ሲያመልጠው እንደገና ይይዛል። ተረኛው ፖሊስ እንኳ ቶሎ በል አላለውም። ነጋዴው ሊያግዘው እጁን ዘርግቶ ፊቱን ሲያየው መልሶ ሰበሰበ። አጥፎ ሲጨርስ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

"ይዘውት ይሂዱ፣ ጋሼ" አልኩት። "ዝናብ ነው።"

"ያንተ ነው" አለኝ።

ከውጭ ካለው ቁልል ጫማውን ፈልጎ አገኘና አድርጎ ሄደ።

እሱ በነበረበት ቦታ ተቀመጥኩ። የታጠፈው ብርድ ልብስ ጭኔ ላይ ነው፤ ላዩ እርጥብና ቀዝቃዛ። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፣ እጄን በእጥፋቱ መሃል አስገባሁ። ትኩስ ነበር። እጄን ልመልስ እስክል ድረስ ትኩስ። ነጋዴውን ጠራሁትና እሱም እጁን አስገባ። ሁለታችንም ሙቀቱ እስኪያልቅ እንደዚያው ቆየን።

ሰውዬው ወደ ክፍሉ አልተመለሰም። ከተፈታሁ በኋላ ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁ፤ ፖሊስ ያመጣው ብዙ ሰው ነው፣ የትኛውን? አሉኝ። ቱም ድረስም ሄድኩ። ገበያው ውስጥ ኮረሪማ የሚሸጥ አንድ ሰው፣ "አውቀዋለሁ፣ ደኅና ነው፣ በቀደም አይቼዋለሁ" አለኝ። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብላ የተቀመጠች ሴት ደግሞ "ለቅሶው ላይ ነበርኩ" አለችኝ። እኔ የማውቀው፣ ክፍሉ ውስጥ እሱን የምንጠራበትን ስም ብቻ ነው፤ የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ይሁን ስለ ሁለት ለይቼ መጠየቅ አልቻልኩም። ማታ ማታ አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላዋን አምናለሁ።

ሱቄ ተከፍቷል። ዛሬም ሁለት ቁጥር የሚያሳይ ማሽን ይዘው የሚመጡ አሉ፤ ያንኑ ማብራሪያ እሰጣለሁ፣ "ውስጥ" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ይቀንሳል፣ ደንበኞቼ ምን አልክ ይሉኛል። ፋን በኃይል መዞር ሲጀምር ደግሞ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማኛል።

ብርድ ልብሱ ቤቴ አለ። እህቴ አጥባ አጥፋ ሳጥኑ ላይ ታስቀምጠዋለች። በአጠገቡ ሳልፍ እጄን በእጥፋቱ መሃል አስገባለሁ። ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው።