በሩ ሲዘጋ እኔም ውስጥ ነበርሁ

ወንድሜ ተሰማ በጾም በር ዘግቶ፣ ሰው ሳያይ ሰው ሳይሰማ ብቻውን አወጣው እየተባለ የሚወራው የበገና መዝሙር፣ ብቻውን ያወጣው አይደለም። ይህን ጽፌ ሳላስቀምጥ አልሞትም። ፊደል የቆጠርሁት ጥቂት ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ነገሩ ግን አልተንጋደደም።

የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው እሑድ ከኪዳነ ምሕረት አስቀድሼ ወጥቼ፣ ጉልበቴ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ይረፍ ብዬ ከቅጥሩ ሥር ስቀመጥ፣ አንድ ጢሙን ያሳደገ በገና ደርዳሪ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በገናውን ከጋቢው ውስጥ ሲያወጣው የአዲስ አውታር ሽታ መጣብኝ፤ ያ ከበግ አንጀት የሚከረረው ክር፣ ታጥቦ ታጥቦም የማይለቀው፣ ትንሽ የጨው ትንሽ የበረት የሚሸት ነገር። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ዐይኔን ጨፈንሁ። ሰውየው የወንድሜን መዝሙር ሊጀምር ሲል፣ ለተሰበሰበው ሰው «ይህን አንድ ሰው ከሰው ሁሉ ተለይቶ ያገኘው ነው፤ በገና ከሌላ ጋር አይሆንም» ብሎ አስተማረ። «ልጄ፣ ያ ሰው ከማን ከማን እንደ ተለየ አንተ ታውቃለህ?» ስለው፣ «እማማ፣ የጥንት ነገር ነው፣ እርስዎም አይደርሱበትም» አለኝ። እኔ አልደርስበትም!

ነገሩ የሆነው ከተማው ገና እንጦጦ ላይ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ባሕር ዛፍ የሚባል አልነበረም፤ ተራራው ጽድና ወይራ ነበር፣ እሱም ለቤትና ለማገዶ ቀን በቀን ስለሚቆረጥ ጠዋት የሚቀሰቅሰን የመጥረቢያ ድምፅ ነበር። ቤታችን ቁልቁል የካን ከሚያየው ገደል አጠገብ ነው፤ ክብ የሣር ቤት፣ ጉም በመጣ ቁጥር እንደ ዘመድ ሳያንኳኳ የሚገባበት። አባታችን በገና ደርዳሪ ነበር። ቁርጥማት ጣቶቹን ሲያቆራምድበት በገናውን ለተሰማ ሰጠው፤ ተሰማ የበኩር ልጅ ነው፣ ጢሙ ማቀምቀም ጀምሮ ነበር፣ እኔ ደግሞ ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነኝ። በገናውን የሰጠው ከነሕጉ ነው፤ «በገና የብቸኛ ሰው ነው። ጹም፣ በር ዝጋ፣ ሰው አይግባ።»

ሰው አይግባ ሲባል እኔ ቀድሜ ገብቼ ነበር። የእንጦጦ ጉም አውታሩን ያረጥበዋል፣ የረጠበ አውታር ይላላል፣ የላላውን ለመሳብ ደግሞ ከላይ ከቀንበሩ ላይ ያሉትን የእንጨት መቃኛዎች ማዞር ያስፈልጋል፤ ደርዳሪው ለዚያ ብድግ ባለ ቁጥር የያዘው ዜማ ይበተንበታል። ስለዚህ እኔ ዱካ ላይ ቆሜ አዞራለሁ፣ እሱ ተቀምጦ ይሰማል። «ጠበቅ አድርጊው። ኧረ በዛ! መልሺ፣ መልሺ አልሁሽ!» ስንባባል እንውላለን። እናቴ «ብቻውን ነው ትላለህ፣ ልጅቷስ?» ስትለው አባባ «እሷ አትቆጠርም» ይላል። በክፋት አልነበረም። ዱካውም አይቆጠርም ነበር።

ደስታ አልነበረውም ብል ግን ፍርድ አጓደልሁ። ድምፁ እንደ ትልቅ ንብ ከበገናው ገበቴ ተነሥቶ በዱካው በኩል ወደ እግሬ፣ ከእግሬ ወደ ጥርሴ ይወጣ ነበር፣ የሚነቃነቀው ጥርሴም አብሮ ይዘምራል። ጉሙ በበሩ ስንጥቅ ይገባል፣ የጽድ እንጨቱ ከምድጃው ውስጥ ይንጣጣል፣ ተሰማ ዐይኑን ጨፍኖ እኔን ይረሳኛል። ብቸኝነትን አልጠላም። ሲደረድር ብቻውን ነበር፣ ይህን እመሰክርለታለሁ፤ ሲሠራ ግን ብቻውን አልነበረም።

ያን ዓመት አዲስ መዝሙር ለማውጣት ተነሣ። የመጀመሪያው መስመር ቶሎ መጣለት፤ «ጽዱን አስቆረጥሁ፣ ቤት ሠራሁ ለራሴ»። ከዚያ ወዲያ ቆመ። ይደረድራል፣ እዚያው ደርሶ ዝም ይላል፣ ተመልሶ ይጀምራል። ጾሙ እየገፋ ሲሄድ ፊቱ ከሰል መሰለ፣ እኔም ቤት የሠራውን ሰውዬ ጠላሁት። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ውጭ የጎረቤት ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ጩኸታቸው ይሰማኛል፤ እግሬ ደንዝዟል፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ሽንቴም መጥቷል፣ የማስበው በሩ የሚከፈትበትን ሰዓት ብቻ ነው። እሱ መስመሩን ሲጨርስ እኔ በዚያው ዜማ፣ አፌ ራሱ አውጥቶት፣ «በሩ ሲከፈት ግን ወጣች እንግዳ ነፍሴ» አልሁ። እኔ ሜዳውን እንጂ ሰማዩን አላሰብሁም። ተሰማ ግን እጁ አውታሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እንደ ገና በዪው» አለኝ።

አልሁት። እንባው በጉንጩ ወረደ።

«ጋሼ፣ አሁን ልውጣ?» አልሁ።

«ውጪ» አለኝ፣ ሮጬ ወጣሁ።

ለደብረ ዘይት እሑድ በየካ በኩል የሚኖሩ አንድ ፊታውራሪ አባባን ከነቤተ ሰቡ ጠሩት። አዳራሹ በሰው ሞልቶ፣ ወንዶቹ ፊት፣ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው አጠገብ ተቀመጥን። ተሰማ ደረደረ። የመጀመሪያውን መስመር ሲል ሰው በጨዋ ደንብ ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለተኛውን ሲል ፊታውራሪው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ አሮጊቶቹም ደረታቸውን መቱ። እኔ ዙሪያውን እያየሁ፣ ድብብቆሽ ያማረኝ ጊዜ ያልሁት ነገር እንዲህ ሲያስለቅስ ገርሞኝ፣ ኩራቴ ሆዴን እንደ ከበሮ ነፋው። ፊታውራሪው በርኖሳቸውን አውልቀው ተሰማ ላይ ደረቡለትና፣ «ይህን ከማን ጋር አወጣኸው ልጄ?» አሉት።

«ብቻዬን ነው ጌታዬ። በር ዘግቼ።»

እኔም ከመጋረጃው አጠገብ፣ «በሩ ሲዘጋ እኔስ የት ነበርሁ?» ብዬ ጮህሁ።

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ይቺ ደግሞ የማን ጉድ ናት?» ሲሉ ፊታውራሪው፣ ተሰማ ዞሮ ሳያየኝ «ታናሽ እኅቴ ናት፣ መቃኛ ታዞርልኛለች» አላቸው። ጨርሶ ቢክደኝ ይሻለኝ ነበር። ፊታውራሪውም ለሆሣዕና ሌሎች እንግዶች ይዘው እንደሚጠብቁት ነግረው አሰናበቱን።

ከማግስቱ ጀምሮ ዱካው ላይ አልወጣሁም። አባባ ተቆጣ፣ ልምጭም ቆረጠ፤ እኔ «አልቆጠርም አላላችሁም? የማይቆጠር ሰው ምን ይጎድላል?» አልሁና ልምጩን ጠበቅሁ። አባባ ልምጩን አየው፣ እኔን አየኝና ለፍየሏ ጣለላት። ያን ሳምንት ደግሞ ወፍራሙ አውታር ተበጠሰ። በጾም በግ አይታረድም፤ እናቴ ግን ከቅበላው በግ አንጀት አጥባ፣ አድርቃ ጣሪያው ሥር ሰቅላ ነበር። አንጀት ሲከረር አንዱ ጫፉን ይዞ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ጫፉን ይዞ ወደ ግራ ያዞራል፤ ብቻውን የሚያከር ሰው እስከ ዛሬም አላየሁም። ተሰማ አንዱን ጫፍ ከምሰሶው አስሮ ሌላውን ሲያከር፣ ከረረለት ብሎ እጁን ለወጥ ሲያደርግ፣ ተፈትሎ የነበረው ሁሉ ተፈናጥሮ በአንገቱ ተጠመጠመበት። አባባ በዚያ ጣቱ አይችልም። እናቴ «እኔ ሥራ አለብኝ» አለች፤ ቁጭ ብላ ነበር። ጎረቤታችን መነኲሲቷ በበሩ አልፈው ሲያዩት፣ «ተሰማ፣ ምነው በጾም እባብ ገዛህ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

በመጨረሻ ወደ እኔ መጣ።

«አስካል፣ ነይ ያዢልኝ።»

«ብቻህን አይደለህ እንዴ?»

«በርኖሱን ትለብሺዋለሽ።»

«ይሞቀኛል።»

«ታዲያ ምን ልስጥሽ?»

«በዚያው አፍህ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ እንደ ሆነው ተናገር።»

አባባ መሬት መሬቱን አየ። በገና የብቸኛ ሰው ነው እያለ ሲያስተምር የኖረው እሱ ነውና፣ ልጁ እንዲህ ብሎ ከተናገረ የሚሳቅበት እሱም ነበር። ተሰማም «እሺ» አለኝ። እሺታውን አላመንሁትም፤ ጫፉን ግን ያዝሁለት። በግቢያችን ፊት ለፊት ቆመን፣ በውኃ ያራስነውን አንጀት በመካከላችን ወጥረን፣ እሱ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ ስናዞር፣ እጃችን እኩል እንዲሄድ መዝሙሩን አብረን አልነው፤ እሱ አንድ መስመር፣ እኔ አንድ መስመር። እናቴ «ሥራ አለብኝ» ያለችው ተነሥታ በጭብጨባ ተቀበለችን። ጉሙ ገፈፍ ብሎ የካ ቁልቁል እስከ ሜዳው ድረስ ታየ።

ያን ግቢ ዛሬ ብፈልገው ባሕር ዛፍ ውጦታል። ጽዱ አልቋል፣ ተሰማ አርፏል፣ በገናውን ምስጥ በልቶታል፤ ለሆሣዕና በዚያ አዳራሽ ተቀምጦ የሰማ ሰው ከእኔ በቀር አንድ አልቀረም። ለዚህ ነው ጢማሙ ሰውዬ በድፍረት የሚያስተምረው። እንግዲህ እኔ የሰማሁትን ይስማ።

የሆሣዕና ዕለት አዳራሹ ከበፊቱ ይልቅ ሞላ። ተሰማ አዲሱን አውታር እየነካ ደረደረ፣ ሰውም እንደ ፊተኛው አለቀሰ። ፊታውራሪው ዐይናቸውን ጠርገው ወደ እንግዶቻቸው ዞሩና፣ «ይህ እንግዲህ ያ ያልኋችሁ ልጅ ነው፤ ከሰው ተለይቶ፣ በር ዘግቶ ያወጣው ነው። እስቲ አንተው ንገራቸው፣ ብቻህን አልነበርህም?» አሉ። አባባ አንገቱን ደፋ። ተሰማ በገናውን አስደግፎ ተነሣ፤ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞሮ ፈለገኝ፣ አገኘኝም፤ እኔን እያየ እንዲህ አለ፤

«አልነበርሁም ጌታዬ። የመጀመሪያው መስመር የእኔ ነው። እርስዎን ያስለቀሰዎት የእኅቴ የአስካል ነው።»