የሽንኩርት ምድብ

ሙሀባ ሽንኩርት ሲሸታት ፊቷን የምታዞረው ዓይኗን ስለሚያቃጥላት አይምሰላችሁ።

በሰባ ስምንት፣ ረመዳን ግንቦት ላይ በዋለበት ዓመት፣ ሮቢት ከተማ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ከቢር ቁርጡን ነግረዋታል፦ ሚኒስትሪ ካለፈች ትማራለች፤ ከወደቀች ለካራቆሬው ጨርቅ ነጋዴ ትዳራለች። ነጋዴው ሁለት የወርቅ ጥርስ አለው፤ ሌላ ጥርስ የለውም።

ዳይሬክተሩ ገሠሠ ከደጋ ተመድቦ የመጣ፣ ሁዳዴ ሲገባ የከሰዓቱን ትምህርት በጊዜ በትኖ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። ለሚኒስትሪ ዝግጅት ብሎ ተማሪውን በሒሳብ ችሎታ ሦስት ምድብ ሊከፍል ተነሣ። የመለያውን ፈተና መቼ ቢሰጥ ጥሩ ነው? የሮቢት ሙቀት ቆርቆሮውን በሚያንጣጣበት ከሰዓት፣ ግማሹ ክፍል በጾም ከንፈሩ ደርቆ! ሙሀባ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ወረቀቷን ተንተርሳ አንቀላፋች።

ውጤቱ ሲነገር ጿሚው በሙሉ ምድብ ሦስት። የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ ንጉሤ፣ ሰባት ጊዜ ስምንትን ጣሪያ ላይ የሚፈልገው፣ ምድብ አንድ፣ ፊት ወንበር።

"ጋሼ፣ ጠዋት ይፈትኑን" አለች ሙሀባ።

"ሒሳብ ጠዋትና ማታ የለውም። ደካማ ደካማ ነው" አላት።

ምድብ አንድ ሲያጠና፣ ምድብ ሦስት "የምርት ዘመቻ" ተብሎ ወንዝ ዳር የትምህርት ቤቱን ሽንኩርት ያርማል። የትምህርት ቤቱ መባሉ ነው እንጂ በማን ድስት እንደሚቁላላ ሰፈሩ በአፍንጫው ያውቃል። ሙሀባ ጾሟን ይዛ በዚያ ፀሐይ ስታርም፣ ከረሃቡ ይልቅ የሚያንገበግባት የሽንኩርቱ ሽታ ነበር።

አንድ ቀን ንጉሤ የመልመጃ ወረቀት ይዞ እርሻው ዳር ብቅ አለ።

"አንቺ ሽንኩርት፣ እስቲ ይቺን ሥሪልኝ።"

"ምድብ አንድ አይደለህ እንዴ?"

"ተይ እንግዲህ! አባቴ ካወቀ ይገድለኛል።"

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተቀበለችው። መልመጃውን የምታይበት ሌላ መንገድ አልነበራትማ! ከዚያ ወዲህ የምድብ አንድ ጥያቄ ሁሉ በእሷ እጅ አለፈ። ከሌሊቱ የሱሑር ምግብ በኋላ፣ ጭንቅላቷ ሳይግል ትሠራዋለች፤ እሱ ይገለብጣል። ገሠሠም የንጉሤን ወረቀት እያውለበለበ "አያችሁ፣ መመደብ ፍሬ አፈራ!" ይላል ለመምህራኑ።

ሚኒስትሪ ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ በሰኔ ጠዋት ተሰጠ። ሙሀባ አለፈች። ንጉሤ ወደቀ።

መስከረም ላይ ተማሪው እንደተሰለፈ ገሠሠ ያለፉትን ሊጠራ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ከምድብ አንድ፣ ሙሀባ ከቢር!"

"ንጉሤስ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"እሱ ድሮም ምድብ ሦስት ነበር።"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ገሠሠ ምንም እንዳልተፈጠረ እጁን ለሙሀባ ዘረጋ። እጁን አየችው።

"ጋሼ፣ እኔ የሽንኩርቱ ነኝ" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሳትጨብጠው ወደ ሰልፏ ተመለሰች።

ለካራቆሬው ነጋዴ "አይሆንም" ተላከ፤ እሷም ዘጠነኛ ገባች። ገሠሠ ግን ያን ዓመት ምድቡን ወደ ሰባተኛ ክፍልም አወረደው። ሽንኩርቱ አራሚ አንሶት ነበራ።