እጁ ያልነካው ምግብ

ከሃያ ሁለት እስከ ላምበረት ያለውን አስፋልት የዳመጠው ሮለር አይደለም፤ የእኔ ጫማ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ ሳልል ፀሐይ ሳልል፣ ከሥራ ወደ ቤቴ በእግሬ የገባሁ ሰው ነኝ። ይህን ያላወራሁበት ሠርግና ለቅሶ የለም። እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛውን ጊዜ መገናኛ ላይ እንቀመጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚያውቀው ታክሲው ነው።

“እንቀመጥ ነበር” ማለቴ ሁለት ስለነበርን ነው። ሌላው አብሮኝ የሚሠራ፣ ላምበረትም አጥር የሚጋራኝ ጎረቤቴ ነው። ስኳር ከያዘው ቆይቷል። አንድ ቀን ሐኪሙ የውስጥ እግሩን በቀጭን ክር እየነካካ “ይሰማሃል?” ቢለው፣ “ምኑ?” አለ። ሐኪሙ አልሳቀም። “ካልተራመድክና ምግብህን ካልቀነስክ ይሄ እግር አብሮህ አይቆይም” አለው።

ሚስቱ የዚያኑ ዕለት በራችን ድረስ መጣች።

“ወንድሜ፣ አደራ። ቤት ውስጥ እኔ አለሁ፤ ውጪ ያንተ ነው። በእግሩ አምጣልኝ፤ መንገድ ላይ ምንም እንዳይቀምስ።”

“እቱ፣ ባልሽን ኦሊምፒክ ነው የማስገባልሽ” አልኳት።

አንድ ሳምንት በእውነት ተራመድን። በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ ያዘንና መገናኛ አንድ ጥብስ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልን። ሽታው ሙት ይቀሰቅሳል። ጎረቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

“ምነው፣ እየጸለይክ ነው?”

“ዝም በል አንተ! ማታ ‘ምግብ ነካህ ወይ?’ ትለኛለች። ምን ልላት ነው?”

ሰውዬው ጴንጤ ነው፤ ያውም ውሸት የማይችል ዓይነት። ቢሮ ውስጥ አርፍዶ ሲገባ እንኳ “መንገድ ተዘጋግቶ” አይልም፤ “እንቅልፍ ጥሎኝ” ይላል። እኔ ደግሞ እዚያው በረንዳ ላይ ጥብስ አዝዤ አንድ ሕግ አወጣሁለት።

“ጉርሻ መብላት አይደለም” አልኩት። “በላ የሚባለው እጁን ታጥቦ የቆረሰ ነው። አንተ ኪስህ ውስጥ እጅህን ክተት። ሰው ሲያጎርስህ እንቢ ማለት ግን ነውር ነው።”

“ይሄን ያስተማረህ ዲያብሎስ ነው” ብሎ ሳቀ። ሲስቅ አፉ ተከፈተ። አጎረስኩት።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። እሱ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ እንደ ሙሽራ ይቀመጣል፤ እኔ አጎርሳለሁ። የእኔ ጉርሻ ደግሞ አራስ ሕፃን ያክላል። ጥብስ፣ ፍርፍር፣ ሻይ ውስጥ የተነከረ ቦምቦሊኖ ሳይቀር አጉርሼዋለሁ። መልሶ አያጎርሰኝም፤ እጁ ምግብ ይነካላ! አንዷ አስተናጋጅ አዝና “እጃቸውን አሟቸው ነው?” አለችኝ። “ሁለቱንም፣ እህቴ” አልኳት። እሱ በሳቅ ብዛት ሊታነቅ ነበር።

ማታ ሚስቱ ትጠይቀዋለች። “ዛሬ ውጪ ምግብ ነካህ?” “እጄ ምግብ አልነካም።” እውነቱን ነው።

እሷ ግን በየጠዋቱ ጣቱን ወግታ ትለካዋለች፤ ቁጥሩ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ነጩን ጤፍ በጥቁር ቀየረች። ከዚያ እንጀራውን ግማሽ አደረገችው፤ ቆይታም ጭራሽ አስቀረችውና ጎመንና ምስር ብቻ ሆነ። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ሌላ ገዛች። ብቻውን እንዳይከፋው ብላ እሷም ጎመኑን አብራው መብላት ጀመረች። ከሳች። ቀሚሷ ሰፋ። ይህን በዓይኔ እያየሁ በማግስቱ መገናኛ ላይ እጄን እታጠብ ነበር።

አንድ ምሽት ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው በደም ርሷል። ጫማው ውስጥ የለስላሳ ቆርኪ ገብቶ ኖሯል፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲረግጠው ውሎ አልተሰማውም። ቁስሉ የአውራ ጣት ጥፍር አያክልም ነበር። ሊድን ግን አልቻለም። መጀመሪያ ትንሿ ጣት ጠቆረች፤ ተቆረጠች። ቀጥሎ የሚቆረጠው እግሩ ከጉልበት በታች ሆነ።

ቀዶ ጥገና ክፍል የገባ ቀን እኔና ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር።

“ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለች። “ቤት የሚበላውን እኔ አውቃለሁ። ‘እጄ አልነካም’ ይለኛል፤ እሱ ደግሞ አይዋሽም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ስኳር ከየት መጣ? አብረኸው ነህ፤ ማን ነው የሚያበላው?”

ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም።

“የቸርቻችሁ እህቶች ይሆናሉ” አልኳት። “ከጸሎት በኋላ ሲያጎርሱት አይቻለሁ።”

ስልኳን አወጣችና የጸሎት ቡድኑን ለምትመራዋ ሴትዮ ደወለች። “ባሌን ቆራረጣችሁት!” እያለች ጮኸች። ሴትዮዋ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም። በኋላ እንደሰማሁት፣ ሴቶቹ እግሩ እንዲተርፍ ሦስት ቀን ጾመው በዚያው ሰዓት ጸሎት ላይ ነበሩ። ዛሬም ሰላም አትላቸውም፤ ቸርችም ቀይራለች። እሱ በክራንች ይሄዳል፤ ለሚስቱ ግን ስሜን አላነሳም።

ከነዚያ ሴቶች አንዷም ስታጎርሰው አይቼ አላውቅም። ያጎረስኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።