የፍልሰታ ቅቤ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቤዛ ከክረምት ኮርሷ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባች። ጀሞ አደባባዩ አጠገብ ካለ ፎቅ ላይ ፕሮግራሚንግ ትማራለች። እኔ ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር። «ማሚ፣ ዛሬ ማክሮ የሚባለው ነገር ገባኝ!» አለችና፣ የኮርሱ ባለቤት ራሱ ገብቶ እንዳስተማራቸው፣ ስለ ፍልሰታ ጾምና ስለ ቅቤ በነገራቸው ምሳሌ ክፍሉ ሁሉ እንደሳቀ ታወራልኝ ጀመር። ማማሰያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሽንኩርቱ አረረ።

ምሳሌው የእኔ ነው።

ያኔ ፉሪ ነበር የምንኖረው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ መምህር ሲሳይ የሚባል ሰው ኮምፒውተር ያስተምረን ነበር። ሌላው ሁሉ ደብዳቤ መተየብ ሲያስተምር፣ እሱ ሊስፕ የሚሉትን፣ ከፊደሉ ቅንፉ የሚበዛ ቋንቋ ይዞብን መጣ። ክረምቱ ሲያልቅ ከመካከላችን አንዱን ረዳት አድርጎ እንደሚቀጥር ቃል ገብቶልናል። እኔ ያቺን ቦታ አጥብቄ እፈልጋት ነበር። አባቴ «እስከ መስከረም ሥራ ካላገኘሽ የአክስትሽ ሱቅ ትገቢያለሽ» ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። የአክስቴ ሱቅ ክርና ዚፕ ይሸጣል። ክርና ዚፕ ምን አጠፉ? እኔ ግን ቅንፎቹን ወድጄ ነበር።

በረከት የሰፈሬ ልጅ ነው፤ የፓስተር ልጅ፣ አፈ ጮሌ፣ ሲስቅ የሚያምርበት። ከክፍል ስንወጣ አብረን በእግር እንመለሳለን። ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀራል። በአንድ ጥላ ሥር የተጠበሰ በቆሎ ለሁለት ሰብረን እየፈለፈልን ስለ ማሽኑ እንጨቃጨቃለን።

አንድ ቀን እናቱ ለሁለታችን ምሳ ቋጥረው ላኩ። ክዳኑን ስከፍተው የቅቤው ሽታ አወደኝ።

«ፍልሰታ መግባቱን ረስታው ነው» አለ በረከት አፍሮ። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ ስንት ቀን ያሰቃየን ነገር ድንገት በራልኝ።

ያሰቃየን ነገር እንዲህ ነው። «ይህ ካልሆነ ያንን አድርግ» የሚል ትእዛዝ ራሳችን ፈጥረን እንድናመጣ ታዘናል። እንደ ተራ ፈንክሽን ስንጽፈው፣ ማሽኑ «ይህ» መሆን አለመሆኑን ሳያይ «ያንን» አስቀድሞ አድርጎት ይጠብቀናል። መምህር ሲሳይ መፍትሔው ማክሮ ነው ብሎናል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባንም።

«አየህ» አልኩት፣ «እናትህ የላኩልኝ የበሰለውን ነው። ፈንክሽንም እንደዚህ ነው፤ ሁሉ ነገር በስሎ ነው የሚደርሰው። ቅቤው ከገባ በኋላ ጾመኛ ነኝ ብል ምን ዋጋ አለው? ሽሮውንም፣ ሽንኩርቱንም፣ ቅቤውንም ጥሬውን ቢልኩልኝ ግን፣ ቀኑን አይቼ፣ ቅቤውን ትቼ በዘይት እሠራዋለሁ። ማክሮ ጥሬውን ነው የሚቀበለው፤ ምን እንደሚበስል ወስኖ ከዚያ ወደ እሳት ይልከዋል።»

«ያቺ ጭረትስ?» ከቃል ፊት የምናደርጋትን የጥቅስ ምልክት ማለቱ ነው።

«እሷማ እሳት እንዳይነካው፣ እንዳለ አድርሰው ማለት ናት።»

«እስቲ ድገሚልኝ» አለኝ። ፉሪ እስክንደርስ ደጋገምኩለት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብልህ ሆኜ የተሰማኝ ጊዜ የለም።

የምርጫው ዕለት መምህር ሲሳይ አንድ በአንድ እያስቆመ ማክሮ ለምን እንደሚያስፈልግ አስረዱኝ አለን። በረከት ቀደመኝ። «እኔ ፍልሰታን እየጾምኩ ሳለ፣ የጓደኛዬ እናት ቅቤ የገባበት ሽሮ ላኩልኝ» ብሎ ጀመረ። የፓስተሩ ልጅ! ቃሌን አንድም ሳይነካ፣ ጾሜን ሳይቀር፣ እንዳለ ተሸክሞት ሄደ። ሁሉም ሳቀ፣ አጨበጨበ። አንድ ሰው «አንተ ደግሞ ፍልሰታን ከመቼ ወዲህ ነው የምትጾመው?» ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም ምንም አላለም።

ተራዬ ሲደርስ ሌላ ምሳሌ አልነበረኝም። ሽሮ ስል መምህር ሲሳይ ፈገግ ብሎ «ይህንንማ ከበረከት ሰማነው፤ አንቺ የራስሽን አምጪ» አለኝ።

«የራሴ ነው» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠና ቅናት መሰለ። በረከት ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጭቃ ይፈቀፍቅ ነበር።

መንገድ ላይ «ማን ቀድሞ ተናገረው ምን ለውጥ አለው? አንቺ እንደሆነ ሌላ ምሳሌ አይጠፋሽም» አለኝ። ጥላውን ትቼለት በዝናቡ ሄድኩ። ጥላውም የእኔ ነበር።

መስከረም ሲጠባ በረከት ረዳት ሆነ፤ እኔ ዚፕ እሸጥ ነበር። ዛሬ ሱቁ የእኔ ሆኗል፤ ጦሜን አሳድሮኝ አያውቅም። ሰዎች «ተመስገን በይ» ይሉኛል፤ እላለሁም። ምሬቱ ግን አልወጣልኝም። የቤዛ ኮርስ ባለቤት በረከት መሆኑን ያወቅሁትም በዚያች ምሳሌ ነው።

ቤዛ ምሳሌውን እስከ መጨረሻው አስረዳችኝ፤ ከእኔም አሳምራ። ከዚያ ግንባሯን ቋጠር አደረገች። «ግን ማሚ፣ ሰውዬው ጴንጤ አይደል እንዴ? ቸርች ሲዘምር ዩቲዩብ ላይ አይቼዋለሁ። የምን ፍልሰታ ነው የጾመው?»

ያንን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠበቅሁት! ሲመጣ ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

«ነገ ስትሄጂ ጠይቂዋ» አልኳት። «በሰው ፊት ጠይቂው።»

«ኧረ ማሚ! እንዲህ ዓይነት ነገር ይጠየቃል እንዴ? ሁላችንም እኮ ገብቶናል፤ ዝም ብለን ሳቅን» አለችና ጫማዋን ልታወልቅ ሄደች።

ያረረውን ሽንኩርት ደፋሁት። እኔ እኮ እስከዚያች ቀን ድረስ፣ ያኔ ማንም አላስተዋለም እያልኩ ነበር ራሴን የማጽናናው።