ማታ ኮ

ሳጂዳ በነርስነት ከተመረቀች በኋላ ወደ ዞኑ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከመመላለሷ ብዛት ጥበቃው ገና ከሩቅ ሲያያት «ዛሬም የለም ልጄ፣ እግርሽን አታድክሚ» ይላት ጀመር። ልጇ ዘሃራ የተፀነሰችውም፣ የተወለደችውም፣ ድክ ድክ ማለት የጀመረችውም በዚሁ ሥራ ፍለጋ መሀል ነው። ነጭ ጋውኗ ታጥቦና ተተኩሶ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ መጠየቅ አይሰለቸውም።

«ሳጂ፣ አሁንም ሥራ አልያዝሽም?» ትላለች አንዷ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «እስካሁን መርፌው የት እንደሚወጋ ረስታው ይሆናል!» ብላ ታስቃለች። ሳጂዳም አብራ ትስቃለች። ቤቷ ገብታ ግን የትምህርት ደብተሯን ታገላብጣለች፤ እሷንም የሚያስፈራት እሱው ነዋ። እውነትም ብረሳውስ?

አንድ ቀን ባሏ አንዋር ከልብስ ስፌት ሱቁ በሩጫ መጣ። ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ያለ አንድ ክሊኒክ ነርስ እንደሚፈልግ ሰምቷል። ሳጂዳ በነጋታው ሄደች። የክሊኒኩ ባለቤት ሲስተር ዙቤይዳ ናት፤ ብዙ የማትናገር፣ ከመነጽሯ በላይ አሻቅባ የምታይ ሴት።

«ኦሮምኛስ?» አለቻት።

«እናገራለሁ። እዚሁ ከሚሴ ነው ያደግሁት፤ አማርኛው ቤት፣ ኦሮምኛው ደጅ።»

«ጥሩ። በገበያ ቀን ነይና እየሠራሽ ልይሽ። ከሆነ ሆነ፤ ካልሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

በገበያው ቀን ዘሃራን ለአማቷ ሰጥታ፣ ያን ጋውን ለብሳ በጠዋት ደረሰች። ሥራዋ በር ላይ ተቀምጣ የመጣውን ሰው ምን እንዳመመው መጠየቅና ማን ቀድሞ እንደሚገባ መለየት ነው። ቀላል ይመስላል። እሷ ግን እያንዳንዱን ቃል በእስክሪብቶ ጽፋ ደግማ ታነበዋለች። ሲስተር ዙቤይዳ በተከፈተው በር በኩል ቀና ባለች ቁጥር ሳጂዳ ምን አጥፍቼ ይሆን ትላለች።

ረቢአ የምትባል እርጉዝ ሴት መጣች። ከሰንበቴ ወዲህ ካለ ገጠር ነው የመጣችው፤ ሆዷ ገፍቷል፣ እግሯ ከላስቲክ ጫማዋ አብጦ ወጥቷል።

«አካም ቡልቴ ሀኪሟ።»

«አልሀምዱሊላህ። ምን ልርዳሽ እህቴ?»

«ምኑን ልንገርሽ፣ ድካም ነው። ማታ ኮ ያመኛል።»

«ማታ ብቻ ነው?»

«ኤ፣ ማታ ኮ ብቻ።»

ሳጂዳ ያበጠውን እግር አየችና እግሯን ነው አለች በልቧ። ወሯ የገፋ ሴት ሌሊት ሌሊት እግሯን ቢያማት ምን ይገርማል? «በግራ ጎንሽ ተኚ፣ እግርሽንም በትራስ ከፍ አድርጊው። አይዞሽ፣ አያጣድፍም፤ ግፊትሽን ተራሽ ሲደርስ ውስጥ ይለኩልሻል» ብላ ከአግዳሚው ጫፍ አስቀመጠቻት።

ሰው እየበዛ ሄደ። የሚያስለው፣ የሚያተኩሰው፣ እሾህ የወጋው ሁሉ ተደረደረ። ከአስፋልቱ ማዶ የሚኒባስ ረዳት «ሰንበቴ! ሰንበቴ!» ይላል። ሳጂዳ ቀና ስትል የረቢአ ቦታ ባዶ ነው። መጠበቁ ሰልችቷት ይሆናል ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሕፃን ከአግዳሚው ሥር ስትወጣ ግንባሯን ከእንጨቱ ጋር አጋጨችው።

«ማታ ኮ! ማታ ኮ!» እያለች ጮኸች። እናቷ «ወዬ፣ ወዬ» እያለች ግንባሯን አሸችላት።

ሳጂዳ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። በጠራራ ፀሐይ ምን ማታ አለ? ማታ በኦሮምኛ ራስ ነው፤ ማታ ኮ፣ ራሴ። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ራሷም ስትለው ነው ያደገችው። ሴትዮዋ «ያመኛል» ብላ በአማርኛ ስለጨረሰችው፣ ጆሮዋ ሁሉንም አማርኛ አድርጎት «ማታ እኮ ያመኛል» ብሎ ሰማው።

ራስ ምታት። ያበጠ እግር። የገፋ እርግዝና። መምህሯ ይህን ደጋግማ አስተምራቸዋለች፤ ደም ግፊት ሊሆን ይችላል፣ ካንዘፈዘፋት እናትም ልጅም ያልቃሉ።

ማንም አላየም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር ግን ሥራው ሄደ ማለት ነው፤ ሰሌዳው፣ ጥበቃው፣ የጎረቤቶቹ ሳቅ እንደገና ሊጀምር ነው። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች።

«ሲስተር፣ ተሳስቻለሁ። አንዲት እርጉዝ ራሴን ስትለኝ ማታ ያለች መስሎኝ አስቀመጥኳት። ሄዳለች።»

ሲስተር ዙቤይዳ መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ ምን ቆመሽ ትነግሪኛለሽ? ሂጂና አምጫት!»

ሳጂዳ በጋውኗ አስፋልቱን ተሻገረች። የሰንበቴው ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቷል።

«ሞልቷል እቴ!» አለ ረዳቱ። «ወይስ ተሳፋሪውን በሙሉ ልትወጊልን ነው?»

«አንድ ሰው ልወስድ ነው፣ አቦ አሳልፈኝ!»

ረቢአ ራሷን በሻሿ ጥፍር አድርጋ አስራ፣ መስታወቱን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ሳጂዳ መዳፏን የገዛ ግንባሯ ላይ አድርጋ «እህቴ፣ ማታ ኬ ነው? ራስሽን ነው የሚያምሽ?» አለቻት።

«ኤ! ነገርኩሽ እኮ። አሁንማ ዓይኔም ጭጋግ ጭጋግ ይልብኛል።»

ደግፋ በባጃጅ መለሰቻት። ሲስተር ዙቤይዳ ግፊቷን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ «በጣም ከፍ ብሏል» ብላ ስልኳን አንስታ አምቡላንስ ጠራች። ረቢአ ስትጫን የሳጂዳን እጅ ይዛ «ዱዓ አድርጊልኝ» አለቻት። ስህተቷን አላነሳችባትም፤ ሳጂዳን ይህ ከስድብ በላይ አመማት።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሲስተር ዙቤይዳ ጠራቻት።

«ኦሮምኛ እናገራለሁ አላልሽኝም?»

«እናገራለሁ፣ ወላሂ። ልቤ ግን ከሥራው ላይ ነበር፣ ላገኘው ይሆን አላገኘው ይሆን እያልኩ። ጆሮዬም አብሮ ሄደ።»

ሲስተር ዙቤይዳ መነጽሯን ጠረገች። «ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። የሚደብቅ ሰው ግን እዚህ አላቆይም። ሰኞ ጀምሪ። እስክተማመንብሽ ድረስ ከኔ አጠገብ ነው የምትቀመጪው። ደግሞ የመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያመውን በእጁ ነክቶ ያሳይሽ፤ ወሬው ከዚያ በኋላ ነው።»

ሳጂዳ «እሺ» አለች። «ጀምሪ» ስትባል እልል የምትል ይመስላት ነበር። አሁን ግን ዓይኗ ከሲስተር ዙቤይዳ ስልክ አልነቀል አለ። ስለ ረቢአ ወሬ ይዞ እስኪጮህ ትጠብቃለች።

የራሷ ስልክ ጠራ። አንዋር ነው።

«እህ? ምን ሆነ?»

«ገና ነው አንዋር። ከሆስፒታል አልደወሉም።»

«እንዴ! ሆስፒታልም አመልክተሽ ነበር?»